ፈረሱ የጋላቢው፣ ኳሱ የክለቡ

የዐድዋ ዘማቾችንና የፈረሶቻቸውን ውለታ ለመዘከር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ በበዓለ ጊዮርጊስ፣ እንጅባራ ላይ ሲሰበሰብ፣ ፈረሰኛው የሚቀመጥበት ፈረስ ራሱ ያሳደገው ወይም ራሱ የገዛው፣ የማኅበሩም ምክር እርሱ አባል ሆኖ የሚመክርበት ነው። ጋላቢና ባለንብረት አንድ አካል በሆኑበት በዚህ የአበው ሥርዐት፣ አንዱ ከፋይ ሌላው ተከፋይ ሆኖ ስለ ደመወዝ የሚሟገትበት ምክንያት የለም።

የኳስ ነገር ግን ሌላ መንገድ ይዞ ሄደ። አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ በ1928 ዓ.ም. ቅዱስ ጊዮርጊስን ሲያቋቁሙ ክለቡ የወጣቶች የፍቅር ማኅበር ነበረ፤ ከዚያ በኋላ ግን የጦር ክፍሎች፣ እንደ ድሬዳዋው ጥጥ ፋብሪካ ያሉ ድርጅቶችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ቡድን እያቋቋሙ ሲሄዱ፣ ተጫዋቹ በወታደርነት ወይም በሠራተኛነት መዝገብ ተጽፎ፣ እግሩ ለኳስ፣ ስሙ ለደመወዝ መክፈያው ሆነ። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተመሥርቶ የፋብሪካው ሠራተኛ ስለ ዋጋው በአንድ ድምፅ የሚናገርበት ጊዜ ሲመጣ፣ ያው ሰው በሜዳ ላይ ስለሚያፈሰው ላብ፣ ስለሚሰበር አጥንቱም የሚማለድለት ጉባኤ አልነበረውም። ይህን ጉድለት እንደ ታላቅ ነገር እቈጥረዋለሁ፤ በኋላ የመጣው ሁሉ ከእርሱ ተወልዷልና።

በ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ተጀመረ፤ የተጫዋች ዋጋም ከዓመት ወደ ዓመት ወጣ። በእኛ ዘንድ የክለብ ባለቤት አብዛኛውን ጊዜ ትርፍ ፈላጊ ነጋዴ ሳይሆን የከተማ አስተዳደር ወይም የመንግሥት ድርጅት ስለ ሆነ፣ ለተጫዋቹ የሚከፈለው ገንዘብ ከሕዝብ በጀት ይወጣል፤ ስለዚህም በጀቱ ሲሳሳ ደመወዝ ለወራት ይዘገያል፣ ተጫዋቹም ልምምድ አቁሞ ይቀመጣል። ኦሪት የምንደኛን ዋጋ ማሳደርን እንኳ በደል አድርጋ ስትቈጥር፣ ወራት ያሳደረ ባለ በጀት ምን ይባል! በ2011 ዓ.ም. ክረምት የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽንና ክለቦቹ የተጫዋች ደመወዝ በወር ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ወሰኑ። የሕዝብን ገንዘብ ከብክነት መጠበቅ ተገቢ መሆኑን የሚክድ የለም፤ ነገር ግን የሰው ድካም ዋጋ በከፋዮች ጉባኤ ብቻ ሲወሰን፣ ውሳኔው ምንም ያህል ቅን ቢሆን፣ ፍትሕ ተሟልቷል ለማለት አልደፍርም።

ይህንኑ ነገር እንግሊዞች ከእኛ አስቀድመው አይተውታል። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1901 የእግር ኳስ ፌዴሬሽናቸው የተጫዋችን ደመወዝ በሳምንት ከ4 ፓውንድ እንዳያልፍ ገደበ፤ ገደቡም ባለ ገንዘቦቹን ክለቦች በስውር መክፈልን ስላስተማራቸው፣ በ1906 በማንችስተር ሲቲ ላይ ምርመራ ተደርጎ 17 ተጫዋቾች ታገዱ፤ ከእነርሱም መካከል ስመ ጥሩው ቢሊ ሜሬዲዝ ነበረ። እርሱም በዓመቱ ከባልንጀሮቹ ጋር ሆኖ የተጫዋቾችን ማኅበር አቆመ። ማኅበሩ ግን ገደቡን ወዲያው አላስነሣም፤ ትውልድ አልፎ ትውልድ ተተክቶ፣ ገደቡ 20 ፓውንድ ከደረሰ በኋላ፣ በጂሚ ሂል መሪነት ተጫዋቾች ሥራ እንደሚያቆሙ ባስታወቁ ጊዜ፣ በጥር 1961 ተሻረ። ከኳሱ ዕውቀት ይልቅ ይህ የስድሳ ዓመት ትዕግሥት ያስደንቀኛል።

ዛሬ የዓለም አቀፉ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ደንብ፣ ቢያንስ የሁለት ወር ደመወዙን በሕገ ወጥ መንገድ የተነፈገ ተጫዋች፣ ባለዕዳው ክለብ እንዲከፍለው ቢያንስ የ15 ቀን ጊዜ ሰጥቶ በጽሑፍ አስጠንቅቆ ካልተከፈለው፣ ውሉን በበቂ ምክንያት እንዲያፈርስ ይፈቅድለታል። ማስጠንቀቂያው እንዴት እንደሚጻፍ ያልተነገረው፣ ውሉንም ሳያነብ የፈረመ የአሥራ ስምንትና የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ግን በዚህ ደንብ ብቻውን ሊጠቀም አይችልም፤ ደብዳቤውን የሚጽፍለት፣ ከክለቡም ጋር በአንድ ጠረጴዛ የሚቀመጥለት የጠነከረ የተጫዋቾች ማኅበር በየክለቡ ተወካይ ሊኖረው ይገባል፤ የደመወዝ ጣሪያ ዳግመኛ በሚመከርበትም ቀን ከከፋዮቹ እኩል ይጠራ።