ጠብታውና ልባሱ፦ ክኒን የማልበስ ሥራ ከስኳር ወደ ውኃ

በአማርኛ «ክኒን» የሚለው የዘወትር ቃል ከኩዊኒን ስም የተወረሰ ሲሆን፣ ኩዊኒን ደግሞ በመራራነቱ የታወቀ መድኃኒት ነው። መራራውን ከምላስ መሰወር የመድኃኒት ቀማሚዎች ጥንታዊ ጭንቀት ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓና የአሜሪካ ቀማሚዎች መላውን ያገኙት ከከረሜላ ሠሪዎች ነው። ክኒኖቹ በሚሽከረከር ድስት ውስጥ እየተንከባለሉ የስኳር ሽሮፕ ይፈስባቸዋል፤ በአየር ይደርቃሉ፤ እንደገናም ይፈስባቸዋል። ሥራው ቀናት ይፈጃል፤ የክኒኑም ክብደት በግማሽ ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጨምራል። ጋጋሪ ምጣዱ መስማቱን ሳትለካ እንደምታውቅ ሁሉ፣ ሽሮፑ መቼና ምን ያህል እንደሚፈስ የሚያውቀው ልምድ ያለው ሠራተኛ ብቻ ነበር።

ለውጡ የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በዩናይትድ ስቴትስ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ዴል ዉርስተር፣ ክኒኖችን ከታች ወደ ላይ በሚነፍስ አየር እያንሳፈፉ የማልበስ ዘዴ ፈልስፈው እ.ኤ.አ. በ1953 የባለቤትነት መብት አገኙበት። እ.ኤ.አ. በ1954 ደግሞ አቦት ላቦራቶሪስ በስስ ፖሊመር የተለበጡ ክኒኖችን ለገበያ አቀረበ። የአዲሱ ልባስ ውፍረት በአብዛኛው ከ100 ማይክሮሜትር አይበልጥም፤ በክኒኑ ክብደት ላይ የሚጨምረውም ከመቶ ሁለትና ሦስት እጅ ያህል ነው። የቀናት ሥራ በሰዓታት ያልቅ ጀመር።

ይሁን እንጂ ፖሊመሩ ይሟሟ የነበረው እንደ ዲክሎሮሜቴን፣ ሜታኖልና አይሶፕሮፓኖል ባሉ ኦርጋኒክ ማሟሚያዎች ነበር። ቶሎ ስለሚተኑ ለፋብሪካው ምቹ ነበሩ፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን በአጠገባቸው የሚተነፍሰው ሠራተኛ ነው። የአልኮሎቹ ተን በብልጭታ ይፈነዳል። ዲክሎሮሜቴን በቀላሉ ባይቀጣጠልም፣ ወደ ሰውነት ሲገባ ከፊሉ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል። ስለዚህ አየር በማይገባው ክፍል ውስጥ ተኑን ሲተነፍስ የዋለ ሰው፣ በከሰል ጭስ እንደታፈነ ሰው ሁሉ፣ የሄሞግሎቢኑ ኦክስጅን የመሸከም አቅም ሊቀንስበት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1970 በዩናይትድ ስቴትስ የወጣው የንጹሕ አየር ሕግና በየአገሩ የተከተሉት ደንቦች ተንን ዝም ብሎ ወደ ሰማይ መልቀቅን ሲከለክሉ፣ የፋብሪካዎቹ ዓይን ወደ ውኃ ዞረ።

ውኃ ግን እንደሚታሰበው ገር ማሟሚያ አይደለም። አንድ ኪሎግራም ዲክሎሮሜቴን በሚፈላበት ሙቀት ላይ ለማትነን 330 ኪሎጁል ገደማ ሲበቃ፣ ለአንድ ኪሎግራም ውኃ 2260 ኪሎጁል ገደማ ያስፈልጋል፤ ሰባት እጥፍ ያህል ማለት ነው። የስኳሩ ዘመን ድስት ይህን ሁሉ ሙቅ አየር በክኒኖቹ መካከል ማሳለፍ ስለማይችል፣ ጎኑ የተበሳሳ ከበሮ ቦታውን ወሰደ። የውኃ የገጽ ውጥረትም ከዲክሎሮሜቴን ሁለት እጥፍ በላይ በመሆኑ በቀላሉ ወደ ደቃቅ ጠብታ አይበተንም። ቀድሞ ፈሳሹን በከፍተኛ ግፊት በጠባብ ቀዳዳ መግፋት ይበቃ ነበር፤ ለውኃው ግን በአፈሙዙ ዙሪያ የታመቀ አየር እየሰበረ የሚበትነው መርጫ ተመራጭ ሆነ። ማሟሚያውን መቀየር ብቻ የሚመስለው ጉዳይ የልባሱን ዕጣ በጠብታው ላይ ጣለው።

በእንግሊዝ አገር በሌስተር ፖሊቴክኒክ ማይክል ኦልተንና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ ይህንኑ ጠብታ በሌዘር ብርሃን እየለኩ አጠኑ። የፖሊመሩ ፈሳሽ ዝልግልግነት ሲጨምር ጠብታው ይተልቃል፤ ክኒኑ ላይ ሲያርፍም እንደልቡ አይንጣለልም፤ ልባሱ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ይሻክራል። የሚበትነው አየር ግፊት ሲጨምር ጠብታው ይደቅቃል፤ ልባሱም ይለሰልሳል። ነገር ግን የደቀቀ ጠብታ ሁሉ መልካም አይደለም። ከልክ በላይ ሲያንስ፣ ወይም አፈሙዙ ከክኒኖቹ ሲርቅ፣ ጠብታው ሳይደርስ በመንገድ ይደርቅና ዱቄት ይሆናል። ርጭቱ ከማድረቂያው አየር አቅም በላይ ሲፈስ ደግሞ ክኒኖቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ ሲላቀቁም አንዱ የሌላውን ልባስ ይቦጭቃል።

ልባሱ ለመልክና ለጣዕም ብቻ ከሆነ ሻካራነቱ ከእይታ ያለፈ ጉዳት ላያመጣ ይችላል። ነገሩ የሚከብደው ልባሱ የሕክምናው አካል ሲሆን ነው። ጀርመናዊው የቆዳ ሐኪም ፓውል ጌርሰን ኡና እ.ኤ.አ. በ1884 መድኃኒትን በኬራቲን ለብጠው ጨጓራን አሳልፈው አንጀት ለማድረስ ሞክረዋል። በኋላ በአሲድ የማይሟሙ ፖሊመሮች ተተኩ። እንዲህ የተለበጠ ክኒን በአሲድ ውስጥ ለ2 ሰዓት ሲፈተን ከመድኃኒቱ ከመቶ 10 እጅ በላይ መልቀቅ የለበትም። በደረቀ ጠብታ የተሠራ ልባስ ግን ቀዳዳ ይበዛበታል፤ አሲዱም በዚያ ይሰርጋል። እንደ ኤሪትሮማይሲን ያለ አሲድ የሚያፈርሰው መድኃኒት ከጨጓራ ሳይወጣ ኃይሉን ያጣል፤ ሕመምተኛው ክኒኑን በሰዓቱ ውጦ ሳለ በሽታው አልሻል ይላል። በቱቦ ለሚመገብ ሕመምተኛ ተብሎ በሙቀጫ የተፈጨ ክኒንም ዕጣው ያው ነው፤ ልዩነቱ ፋብሪካው የደፈነውን ቀዳዳ ዎርዱ መክፈቱ ብቻ ነው።

ኦርጋኒክ ማሟሚያዎች ፈጽመው አልቀሩም፤ እርጥበት ለማይችሉ አንዳንድ መድኃኒቶች እስከ ዛሬ ያገለግላሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 የጸደቀው የዓለም አቀፉ የመድኃኒት ደንቦች ማጣጣሚያ ጉባኤ መመሪያ፣ በመድኃኒት ውስጥ የሚቀረው ዲክሎሮሜቴን ከሚሊዮን 600 እጅ እንዳይበልጥ ይወስናል። መመሪያው የሚጠብቀው ክኒኑን የሚውጠውን ሰው ነው፤ በመርጫው አጠገብ የሚቆመው ሠራተኛ ጉዳይ ለየአገሩ የሥራ ደኅንነት ደንብ የተተወ ነው።