ከውሻው ቆሽት እስከ እኛ ካርድ



ስለ ስኳር በሽታ ታሪክ ጻፊ ስባል ቀድሞ ትዝ ያለኝ ኢንተርን ሆኜ ያየሁት አንድ ወጣት ገበሬ ነው። አጥንቱ የሚቆጠር ከሲታ ነበር። ስኳሩ በጣም ከፍ ብሏል፤ ሽንቱ ውስጥ ግን ኪቶን የለም። እኔም ዕድሜውን አይቼ ካርዱ ላይ «ታይፕ 1» ብዬ ጻፍኩ። አማካሪ ሐኪሜ «እርግጠኛ ነሽ?» ሲሉኝ ዝም አልኩ። ልጁ ኢንሱሊኑን ይዞ ሄደ፤ ካርዱ እንደዚያው ቀረ።

እርግጠኝነታችን ከየት መጣ ብዬ ወደ ኋላ ስሄድ ያገኘሁት እንስሳትን ነው። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1889 ስትራስቡርግ ውስጥ ኦስካር ሚንኮቭስኪና ዮሴፍ ፎን ሜሪንግ የአንድ ውሻ ቆሽት አወጡ። ማወቅ የፈለጉት ስለ ቅባት መፈጨት ነበር እንጂ ስለ ስኳር አልነበረም። ውሻው ግን ሽንት አበዛ፤ ሽንቱ ሲመረመር ስኳር ተገኘበት። በ1921 ቶሮንቶ ላይ ባንቲንግና ቤስት፣ በማክሊዮድ ላቦራቶሪ፣ ቆሽታቸው የወጣ ውሾችን ከቆሽት በተወሰደ ፈሳሽ በሕይወት ለማቆየት ሞከሩ። በጃንዋሪ 1922 ደግሞ የ14 ዓመቱ ሊዮናርድ ቶምፕሰን ተወጋ። የመጀመሪያው መርፌ እምብዛም አልረዳውም። ከ12 ቀን በኋላ ግን ኮሊፕ ያጠራው ፈሳሽ ስኳሩን አወረደለት።

በየቀኑ ካርድ ላይ የምንጽፈው «ዩኒት» እንኳ የመጣው ከጥንቸል ነው። መጀመሪያ የተለካው፣ 2 ኪሎ የሚመዝን የተራበ ጥንቸል እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ስኳሩን በሚያወርደው መጠን ነበር። በ1943 አሎክሳን የጥንቸልን የቆሽት ሴሎች እንደሚገድል ታወቀ። በ1980 ደግሞ ጃፓን ውስጥ ስኳር በራሷ የሚይዛት ኖድ የተባለች አይጥ ይፋ ሆነች። ታዲያ ይህችን አይጥ ከበሽታው ያዳኑ ብዙ ሕክምናዎች ሰው ላይ ሲሞከሩ ሳይሠሩ ቀርተዋል።

እንስሳ የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። ፕሮቲን ያነሰው ምግብ እየበሉ ያደጉ አይጦች የሚያመነጩት ኢንሱሊን እንደሚቀንስ ታይቷል። ነገር ግን አይጥ የእኛን ሕመምተኛ የልጅነት ረሃብ፣ ወባና የእርሻ ሥራ አልኖረችውም። የዓለም ጤና ድርጅት በ1985 ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር በሽታን በምደባው ውስጥ አስገብቶ፣ ማስረጃው አይበቃም ተብሎ በ1999 አወጣው። ነገሩን መልሶ ያነሳው የሰው ጥናት ነው፤ በ2022 የታተመው የህንዱ የቬሎር ጥናት እነዚህ ከሲታ ሕመምተኞች ዋና ችግራቸው የኢንሱሊን ማነስ መሆኑንና ከታይፕ 1ም ከታይፕ 2ም እንደሚለዩ አሳየ። በ2025 ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን «ታይፕ 5» ብሎ ተቀበለው። ክርክሩ ግን አላበቃም።

ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። የሚሰጠው የኢንሱሊን መጠን ይለያያል፤ ምግቡ ለማይበቃ ሰው መጠኑ ከበዛ ስኳሩ ወርዶ ሊገድለው ይችላል።

ስለዚህ በየወረዳው ለምትሠሩ እኩዮቼና ለመምህራኖቼ አንድ ልመና አለኝ። ከሲታ ወጣት ሲመጣ «ታይፕ» ከመጻፋችን በፊት «በልጅነትህ ርቦህ ነበር ወይ?» ብለን እንጠይቅ፤ መልሱንም ካርዱ ላይ እናስፍር። ያን ጊዜ እኔ አልጠየቅሁም።