ድንቢጥዋና የዓለም ክብረ ወሰን

የዶሚኖ ጠጠሮች በተርታ ቆመው አንዱ ሲነካ ሌላውን እየገፋ ሁሉም ይወድቃሉ። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በኅዳር 2005 ዓ.ም. በሆላንድ አገር በሌዋርደን ከተማ ብዙ ወጣቶች ክብረ ወሰን ለመስበር ጠጠር ይደረድሩ ነበር። አንዲት ድንቢጥ ወደ አዳራሹ ገብታ 23,000 ያህሉን ጣለች። ቀሪውን ያዳነው በየመካከሉ የተተወው ክፍተት ነው። ድንቢጥዋ ግን በአየር ጠመንጃ ተገደለች፤ ተኳሹም 200 ኤውሮ ተቀጣ።

ከአራት ቀን በኋላ 4,155,476 ጠጠሮች ወደቁ፤ ክብረ ወሰኑም ተሰበረ። ይህም ቢሆን በ2009 ዓ.ም. በዚያው ከተማ በ4,491,863 ተበለጠ። ድንቢጥዋ ግን በሮተርዳም የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ተቀምጣለች።

እኛም ተማሪዎች ለአንደኛነት ስንሽቀዳደም፣ ቁጥር በቁጥር እንደሚሻር፣ የጠፋች ነፍስ ግን እንደማትመለስ እናስብ።