ዝግመተ ለውጥ በስምጥ ሸለቆ፦ የወባ ተሕዋሲና የክሎሮኪን ምስክርነት

ዝግመተ ለውጥ ሲነሳ የብዙ አንባቢ ሐሳብ ወደ ሐዳርና ወደ ሉሲ አፅም ይሄዳል፤ ሂደቱም ጥንት ተጀምሮ ጥንት ያበቃ ይመስላል። ከአዳማ እስከ መተሐራና ዝዋይ በተዘረጋው ስምጥ ሸለቆ ግን በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ሲከናወን ታይቷል፤ ምስክሩም የወባ ተሕዋሲ ነው። ፋልሲፓረም የተባለው ገዳይ ተሕዋሲ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ሄሞግሎቢን እየተመገበ ያድጋል። ከምግቡ የሚተርፈው ሂም መርዝ ስለሆነ ወደ ጠጣር ቅንጣት ይለውጠዋል። ክሎሮኪን የተባለው መድኃኒት ይህን ስለሚያግድበት በገዛ ትራፊው ይመረዛል። በአንድ ፕሮቲን 76ኛ ቦታ ላይ ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ በትሪዮኒን የተተካባቸው ተሕዋስያን ግን መድኃኒቱን ከምግብ ከረጢታቸው አስወጥተው ይተርፋሉ። ተሕዋሲው መድኃኒቱን ተላመደ የሚለው የተለመደ ማብራሪያ እዚህ ላይ ይስታል። እያንዳንዱ ራሱን እየለወጠ ቢሆን ኖሮ የለውጡ የዘረመል አሻራ በየአገሩ በተለያየ ነበር፤ በአፍሪካ የተሠራጨው አሻራ ግን ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጣ ነው። ክሎሮኪን ለውጡን አልፈጠረውም፤ ሌሎቹን እየገደለ ለጥቂቶቹ ዘር ቦታ ለቀቀ እንጂ። የተለወጠው የተሕዋስያኑ ሕዝብ ስብጥር ነው።

መድኃኒቱ ሲነሳ የሚሆነው ይህንኑ ያጠናክራል። ማላዊ እ.ኤ.አ. በ1993 ክሎሮኪንን ካቆመች ከ12 ዓመት በኋላ መድኃኒቱ እንደገና ፈዋሽ ሆኖ ተገኝቷል፤ መቋቋም ዋጋ ስለሚያስከፍል፣ መድኃኒት በሌለበት መቋቋም የሌላቸው የቀድሞዎቹ ይበልጣሉ። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1998 ወደ ፋንሲዳር፣ በ2004 ወደ ኮአርተም መድኃኒት ተሻግራለች፤ ቫይቫክስ ለተባለው ሌላው የወባ ዓይነት ግን ክሎሮኪን መታዘዙ ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ2014 ከታተሙ ሁለት ጥናቶች በአዳማ አካባቢ የተደረገው አብዛኛው ፋልሲፓረም ወደ ቀድሞው ዓይነት መመለሱን ሲያሳይ፣ በደቡብ ማዕከላዊ ኦሮሚያ የተደረገው ተቋቋሚው ዓይነት በስፋት መኖሩን አሳየ። በእኔ ፍርድ ይህ ልዩነት ንድፈ ሐሳቡን አያፈርስም፤ የክሎሮኪን ጫና በከፊል ብቻ ሲነሳ ለውጡም ከቦታ ቦታ መለያየቱ የሚጠበቅ ነው።

የዝግመተ ለውጥ ተቃዋሚዎች ተሕዋሲው ያው ወባ ሆኖ ቀረ እንጂ አዲስ ዝርያ አልተገኘም ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱን ግን ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ ትሰጣለች። በአገራችን ዋነኛዋ አስተላላፊ አኖፊለስ አራቢየንሲስ ከአኖፊለስ ጋምቢዬ ጋር በመልክ አትለይም፤ ለረጅም ጊዜም እንደ አንድ ዝርያ ይቆጠሩ ነበር። ሲዳቀሉ ግን ወንዶቹ ልጆች መካን ይሆናሉ፤ ሴቶቹ ይራባሉ። በዝርያዎቹ መካከል ያለው ድንበር ገና እየተዘጋ ነው፤ በሴቶቹም በኩል ዘረመል ዛሬም ከአንዷ ወደ ሌላዋ ይሻገራል።