ጉልቻውና ሰማያዊው ነበልባል

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላል ያገራችን ሰው። ስለ ወጥ ከሆነ ተረቱ እውነት ነው። ድስት በሦስት ድንጋይ ላይም ይጣድ በብረት ምድጃ ላይ፣ ወጡን ወጥ የሚያሰኘው የሠሪዋ እጅ ነው። ምጣድ ግን እንደ ድስት አይደለም። ምጣድ ሰፊ ነው፤ ሸክላ ነው፤ ቀዝቃዛ ጎን ካለው እንጀራው ወዲያው ያጋልጠዋል፤ ዓይኑ ይጠፋል፣ ጠርዙ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። እንጀራ ጉልቻውን ያውቃል። ከስድሳ ዓመት በላይ ያስቆጠረውን የባዮጋዝን ታሪክ በአገራችን ሳስበው፣ ድስት ተከብሮ ምጣድ የተረሳበት ታሪክ ሆኖ ይታየኛል።

ጋዙ ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ቮልታ እ.ኤ.አ. በ1776 በማጆሬ ሐይቅ ዳር ካለው ረግረግ የሚንቦቀቦቀውን አየር ሰብስቦ በእሳት ሞክሮታል። እበት፣ ፍግ ወይም ብስባሽ ነገር አየር በማይገባበት ቦታ ሲብላላ የሚወጣው ይኸው የሚነድ አየር ነው። ከግማሽ በላዩ ሚቴን ነው፤ ሲነድ ጭስ የለውም፤ ነበልባሉም ሰማያዊ ነው።

ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1950 ዓ.ም. በአምቦ እርሻ ትምህርት ቤት በኩል ነው። የተሠራውም ለማጀት አልነበረም፤ ለእርሻ መሣሪያዎች ብየዳ የሚሆን ኃይል እንዲሰጥ ነበር። የመጀመሪያው ነበልባል ያየው ብረት እንጂ ሊጥ አልነበረም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት በየእርሻ ጣቢያው፣ በየትምህርት ቤቱና በአንዳንድ ገበሬ ጓሮ ማብላያዎች ተቆፈሩ። ብዙዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ቆሙ። ውኃ ራቀ፣ ከብቱ ተሸጠ፣ የሚጠግን ባለሙያ ጠፋ፤ ጉድጓዱም ባለቤት የሌለው ቅርስ ሆኖ ቀረ።

ነገሩ በሥርዓት የተያዘው በ2001 ዓ.ም. ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም ሲጀመር ነው። በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በያኔው የደቡብ ክልል 14,000 ማብላያዎችን ለመገንባት ታቀደ፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ በ2006 ዓ.ም. ሲዘጋ የተሠሩት ከ8,000 ጥቂት የበለጡ ነበሩ። የተመረጠው ንድፍ ከኔፓል የመጣ ነው። በዚያ 2047 የሚል ቁጥር ነበረው፤ ቁጥሩ ኔፓላውያን በራሳቸው ዘመን አቆጣጠር ያወጡት ዓመት ነው፤ እ.ኤ.አ. 1990 መሆኑ ነው። የራሱ ዘመን አቆጣጠር ያለው ሕዝብ ይህን ሲሰማ ፈገግ ሳይል አይቀርም። እዚህ ሲደርስ በአማርኛ «ስንዱ» ተባለ። ስሙ ያምራል። ከጉልላቱ ጋር አብሮ የመጣው ምድጃ ግን ሩዝና ምስር ለሚቀቀልበት፣ ሻይ ለሚፈላበት አገር የተሰናዳ ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ ልዩነቱን በቁጥር እንየው። የተለመደው የባዮጋዝ ምድጃ በሰዓት 400 ሊትር ያህል ጋዝ ያቃጥላል፤ ይህም ወደ 2.5 ኪሎዋት የሚጠጋ ኃይል ነው። በከተማ ቤቶች ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይፈልጋል፤ ያውም ሙቀቱ በሸክላው ውስጥ በተዘረጋ ሽቦ በእኩል ተከፋፍሎለት። የምጣዱ ስፋት ከ55 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የጋዙ ማቃጠያ ደግሞ ከቡና ሲኒ ማስቀመጫ እምብዛም አይሰፋም። ሸክላ ሙቀትን ቀስ ብሎ ነው የሚያስተላልፈው፤ ስለዚህ መሀሉ ሲግል ዳሩ ገና ነው። ጋጋሪዋ ደግሞ ሊጡን ከዳር ጀምራ ወደ መሀል ታዞረዋለች። እሳቱ ከመሀል ወደ ዳር፣ ሊጡ ከዳር ወደ መሀል፤ ሁለቱ በተቃራኒ መንገድ ይሄዳሉ። አክንባሎው ሲነሳ መሀሉ ያረረ፣ ዳሩ ያልበሰለ ይገኛል።

ግፊቱም ሌላ ጣጣ አለው። በማይንቀሳቀስ ጉልላት ውስጥ ያለው ጋዝ ሲጀመር በኃይል ይወጣል፤ እየተቃጠለ ሲሄድ ግን ግፊቱ ይወርዳል። ሽሮ ለማንተክተክ ይህ ምንም አይደለም። ለሃያኛው እንጀራ ግን ምጣዱ እንደ መጀመሪያው መጋል አለበት። በቀን 40 ኪሎ እበት ከ40 ሊትር ውኃ ጋር የሚገባበት ማብላያ 1,500 ሊትር ያህል ጋዝ ይሰጣል። ሒሳቡን ሳሰላው አንድ ሞሶብ እንጀራ የቀኑን ጋዝ ሙሉ በሙሉ ሊጨርሰው ይችላል፤ ለወጡና ለቡናው የሚተርፍ የለም። ማብላያው ደግሞ ከአንድ ቀን ምርት በላይ አያከማችም። እንጀራ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ የሚጋገር ነገር ነው፤ ሳይጋገር በሚውልበት ቀን ጋዙ ይተርፋል፣ በሚጋገርበት ቀን ይጎድላል።

ውጤቱ ምን ሆነ? ባዮጋዝ የገባለት ቤት ወጡን በሰማያዊ ነበልባል እየሠራ እንጀራውን ግን በእንጨት መጋገሩን ቀጠለ። የጭሱም የማገዶውም ትልቁ ድርሻ ያለው ደግሞ በምጣዱ ሥር ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ ሲጋገር ከእሳቱ ሙቀት ለእንጀራው የሚደርሰው ከመቶ አሥር እጅ እንኳ አይሞላም። እናቶቻችን ዓይናቸውን የሚጨነቁሩበት፣ የሚያስሉበት ጭስ ከወጥ ማድጋው ይልቅ ከምጣድ ቤት የሚወጣ ነው። እኔ እንደሚገባኝ ባዮጋዝ የቀለለውን ሥራ አቅልሎ ከባዱን እንዳለ ተወው።

ሌላ መንገድ እንደነበረ የሚያሳየው «ምርጥ» ምድጃ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ በአገራችን የኃይል ባለሙያዎች የተነደፈው ይህ ተገጣጣሚ የሲሚንቶ ምድጃ መነሻው ራሱ ምጣዱ ነበር። የምጣዱን ክብ ተከትሎ ግድግዳ ሠራ፤ ነፋሱን ከለከለ፤ ሙቀቱ ከሥሩ እንዲዞር አደረገ። የማገዶውን ፍጆታ በግማሽ ያህል ቀነሰው። ጥበቡ የተራቀቀ አይደለም፤ የሚጋገረውን አይቶ የተሠራ መሆኑ ነው ያዋጣው።

የባዮጋዝ ምጣድ የሚሞክሩ መሐንዲሶችም ዘግይተው ወደዚሁ መጡ። በየዩኒቨርሲቲው በተደረጉት ሙከራዎች አንዱን ማቃጠያ ትተው፣ በምጣዱ ሥር በክብ የተጠማዘዘና ዙሪያውን የተበሳሳ ቧንቧ መዘርጋትን፣ ሸክላውን ማሳሳትን፣ ጎኑን ሙቀት በማያሳልፍ ነገር መሸፈንን ተያያዙት። እያንዳንዱ ማሻሻያ የራሱ ዋጋ አለው፤ ሸክላው ሲሳሳ ቶሎ ይግላል፣ ቶሎም ይሰነጠቃል። ምጣድ አሟሽታ የምታውቅ ሴት ይህን ለመሐንዲሱ በአንድ ቃል ትነግረው ነበር።

አሁን ወደ ቱላ እንውረድ። ቱላ ከሐዋሳ ክፍላተ ከተማ አንዱ ቢሆንም ከአስፋልቱ ወጣ ሲሉ የሚቀበልዎት የእንሰት ጓሮ ነው። ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል የሆነው በ2012 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት በደቡብ ክልል ሥር ስለነበረ ብሔራዊው ፕሮግራም ከታሰበላቸው አካባቢዎች ውስጥ ነበር። እዚህ ግን ሁለት ነገር ይለያል። አንደኛው እበቱ ነው። በደጋው ሰሜን እበት ኩበት ሆኖ ይነዳል፤ በቱላ ግን የእንሰቱ ነው፤ ከበረቱ ተጠርጎ ወደ ግንዱ ሥር ይሄዳል። ገበሬውን «እበትህን ለጋዝ ስጥ» ሲሉት «እንሰቴስ?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱም አለ፤ በማብላያው ውስጥ በጋዝነት የሚወጣው በዋናነት ካርቦኑ ነው፤ ናይትሮጅኑና ፎስፎረሱ ባለሙያዎች ባዮስለሪ በሚሉት ዝቃጭ ውስጥ ይቀራሉ። ኩበት ቢነድ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይጠፋ ነበር። ይሁንና ዝቃጩ ውኃ የበዛበት ነው፤ ወደ እንሰቱ ተሸክሞ የሚወስደው ሰው ያሻል፤ 40 ሊትሩ ውኃም በየቀኑ ሁለት ጀሪካን ነው፤ ጀሪካኑን የምትሸከመው ማን እንደሆነች እናውቃለን።

ሁለተኛው ቂጣው ነው። በሲዳማ ቤት ዋናው እንጀራ ዋሳ ነው፤ አማርኛ ተናጋሪው ቆጮ የሚለው። የተብላላው እንሰት ይጨመቃል፣ ይከተፋል፣ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ በምጣድ ላይ ይጋገራል። ዋሳ ወፍራም ነው፤ ቅጠሉ እንፋሎቱን ይይዝለታል፤ እንደ ጤፍ እንጀራ በደቂቃዎች ውስጥ ዓይን እንዲያወጣ የሚያስገድድ ግለት አይሻም፤ በለዘብታ፣ ተገላብጦ ይበስላል። ለጤፍ እንጀራ ያነሰው ደካማ ነበልባል ለዋሳ ይበቃ ይሆን? በእኔ ግምት ይበቃል፤ ቢያንስ ከጤፉ የተሻለ ዕድል አለው። መሐንዲሶቻችን ግን ምጣድ ሲሉ ሁልጊዜ የጤፍ ምጣድ ነው የሚታያቸው። በአንድ በኩል ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ፣ በሌላው በኩል ቱላ፤ መካከላቸው ያለው ርቀት በባጃጅ የሚሄዱበት ነው። አንድ ተማሪ ቴርሞሜትሩን ይዞ አንድ ከሰዓት በኋላ ዋሳ ከምትጋግር እናት አጠገብ ቢቀመጥ፣ ቅጠሉ ሥር ያለውን ሙቀት ቢለካ፣ ስንት ሊትር ጋዝ እንደሚበቃት በዚያው ቀን ማታ ያውቀው ነበር።