የቋራዋን ልጅ ማን ጠየቃት?

ወረታ የሚገኘው የአክስቴ ቤት ከአስፋልቱ ብዙም አይርቅም። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የሚወርደውም ሆነ ወደ ደብረ ታቦር የሚታጠፈው የጭነት መኪና ጥሩምባውን ሲነፋ የቤቱ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በጥር ወር፣ ለዘመድ ጥየቃ ሄጄ ሳለሁ አንድ ምሽት ያጋጠመኝን ነው ዛሬ ለአንባቢ የማጫውተው። ነገሩ ሲጀምር ተራ ጨዋታ ነበር። እያደር ግን ከታሪክ መጻሕፍት ጋር አፋጠጠኝ።

አክስቴ ሰፌዷን ጭኗ ላይ አድርጋ ሩዝ ትለቅማለች። ፎገራ መቼም የሩዝ አገር ሆኗል። ሩዝ በዚህ ሜዳ ሥር የሰደደው በደርግ ዘመን፣ በጅግናና በሻጋ የገበሬ አምራች ማኅበራት፣ ሰሜን ኮርያውያን ባለሙያዎች ሙከራውን ካስጀመሩ በኋላ ነው። ዛሬ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ይሆናል። ልጇ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መጥታ በፍላሽ ያመጣችውን የቻይና ተከታታይ ድራማ በላፕቶፕ ከፍታለች። ንግግሩ በቻይንኛ፣ ከሥሩ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው።

“አንተ ልጅ፣ እንግሊዝኛ ተምረህ የለም እንዴ? ልጅቱ ምን አለች?” አለችኝ አክስቴ።

የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬ ለዚህ ይበጃል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ሰፌዱን ተጋራኋትና እየለቀምሁ መተርጎም ጀመርሁ።

ድራማው በ2011 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ለተመልካች የቀረበ፣ 76 ክፍሎች ያሉት፣ ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ “እቴጌዎች በቤተ መንግሥት” ሊባል የሚችል ነው። በመጀመሪያው ክፍል አሮጌው ንጉሥ ካንግሺ ሞቶ ልጁ ዮንግዤንግ ዙፋኑን ይዟል። እናቱ፣ “ልጆችህ ጥቂት ናቸው፤ ቆነጃጅት ይመረጡልህ” ትለዋለች። የባለሥልጣናቱ ሴቶች ልጆች ተሰብስበው በረድፍ እየሆኑ ይገባሉ። ከእነርሱ አንዷ ዤን ኋን የምትባል ልጅ ናት። ይህች ልጅ አስቀድማ ቤተ አምልኮ ሄዳ የምትለምነው እንዳይመርጧት ነው፤ የምትሻው በእርሷ ብቻ የሚጸና አንድ ባል ነው። ንጉሡ ግን፣ “ቀና በይ” ይላታል። ቀና ስትል ፊቷ በሞት የተለየችውን ሚስቱን ይመስላል። በዚያው ተመረጠች።

አክስቴ እጇን ከሰፌዱ ላይ አነሣች። “እንዳይወስዷት ለምና ተወሰደች?” አለች። ጥቂት ቆየችና ደግሞ፣ “ይሄማ የበካፋ ነገር አይደል እንዴ!” አለች።

እንግዲህ ወደ ጉዳዩ መግባቴ ነው። ጎንደሬ ሁሉ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚሰማው ወግ አለ። ዐፄ በካፋ ተራ ሰው መስሎ፣ ልብስ ለውጦ፣ አገሩን ይዞር ነበር ይባላል። ከዕለታት አንድ ቀን ቋራ ሲደርስ ንዳድ ይጥለዋል። አንድ የገበሬ ቤት ያስጠጋዋል። የቤቱ ልጅ ማን መሆኑን ሳታውቅ ታስታምመዋለች። ሲድን ይሄዳል፤ ቆይቶም መልእክተኛ ልኮ ያስመጣትና ያገባታል። ይህች ልጅ እቴጌ ምንትዋብ ናት። ስሟ ራሱ “ምን ትዋብ” የሚል የአድናቆት ቃል ነው።

በነጋታው ወደ ባሕር ዳር ስመለስ አንድ ነገር አእምሮዬን ሲኮረኩረው ዋለ፤ አዲስ አበባ ስገባም ዘመኖቹን አመሳከርሁ። በካፋ የነገሠው ከ1721 እስከ 1730 ነው። ዮንግዤንግ ከ1722 እስከ 1735። በካፋ ምንትዋብን ያገባው በ1722 ነው። ካንግሺ ሞቶ ዮንግዤንግ አልጋውን የወረሰው በዚያው ዓመት በዲሴምበር ነው። ማለትም፣ በድራማው የመጀመሪያ ክፍል የሚታየው ዘመንና የቋራዋ ልጅ ወደ ጎንደር የመጣችበት ዘመን አንድ ነው። አክስቴ መጽሐፍ ሳታገላብጥ ነው ያገጣጠመችው።

ንጉሦቹም ሳይተዋወቁ ይመሳሰላሉ። ዮንግዤንግ ሹማምንቱ በቀጥታ ለእርሱ ብቻ በሚጽፉት የምሥጢር ደብዳቤ አገሩን የሚሰልል፣ በወንድሞቹ ላይ የጨከነ ንጉሥ ነበር። የእኛው በካፋ ደግሞ የነገሥታቱ ዘሮች በሚታጎሩበት በወህኒ አምባ የኖረ ሰው ነው። በዐፄ ዮስጦስ ዘመን ከአምባው አምልጦ ከኦሮሞዎች ዘንድ ተጠጋ። ሲያዝ፣ አካሉ የጎደለ አይነግሥምና፣ የአፍንጫው ጫፍ ተቆረጠ ይባላል። ያም ሆኖ ነገሠ። የቻይናው ድራማ ንጉሥ ቆንጆ ተዋናይ ነው፤ የእኛ ድራማ ቢሠራ ኖሮ መሪ ተዋናዩ አፍንጫው የተሸረፈ ይሆናል ማለት ነው። ሰው ሁሉ ያደባብኝ ይሆናል ብሎ የሚያስብ ንጉሥ ልብስ ለውጦ ቢዞር አያስደንቅም።

ታዲያ ይህን የቋራ ታሪክ ለዓለም ያደረሰው ማን ነው? ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ነው። ብሩስ ጎንደር የገባው በ1770 ሲሆን መጽሐፉን በአምስት ቅጽ ያሳተመው በ1790 ነው። በቁስቋም፣ በእቴጌይቱ ግቢ ተቀምጦ፣ በፈንጣጣ የታመሙትን የቤተሰቡን ልጆች አክሟል። የዓባይን ምንጭ ፍለጋ በዚያው ዓመት ሲነሣም በእንፍራዝ በኩል አድርጎ፣ ዛሬ አክስቴ ሩዝ የምትለቅምበትን ይህን የርብና የጉማራ ሜዳ ረግጧል።

እዚህ ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። ብሩስ ታሪኩን የሰማው ነገሩ ከሆነ ከ48 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ሁለተኛው ነገር፣ የምንትዋብ ወላጆች በስማቸው የሚታወቁ ናቸው፤ አባቷ ደጃዝማች መንበር፣ እናቷ ወይዘሮ እንኮዬ ይባላሉ። ብሩስ ራሱ ዘሯን እስከ ዐፄ ሚናስ ያደርሰዋል። የደጃዝማች ልጅ የሆነች፣ ዘሯ ከነገሥታት የሚመዘዝ ሴት፣ በምን ሒሳብ እንግዳ አስታማሚ የገበሬ ልጅ ትሆናለች? ሦስተኛው፣ በካፋ ከእርሷ በፊት ሚስት ነበረችው፤ ያች ሚስት ዘውድ በጫነችበት ዕለት ከግብር በኋላ በድንገት ሞተች ይባላል። በወጉ ውስጥ ግን ይህ የለም። ጎጆው፣ ንዳዱና ቆንጆዋ ብቻ ናቸው የቀሩት።

በእኔ ግምት ወጉ እንዲህ አምሮ የተቀመጠበት ምክንያት አለ። ብሩስ ቁስቋም ሲደርስ የቋራ ቤት ወድቋል። የእቴጌይቱ የልጅ ልጅ ዐፄ ኢዮአስ በ1769 በራስ ሚካኤል ስሑል ትእዛዝ ተገድሏል። እቴጌይቱ በቁስቋም ሐዘን ላይ ናት። በዚያ ሰዓት፣ “ከቋራ የመጣነው ንጉሡን ከሞት አድነን ነው” የሚል ወግ ለቤተሰቡ ማጽናኛም ማስታወሻም ይሆናል። ይህ ግምት እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ ሆኖም አንድ ታሪክ መቼና ለማን እንደተነገረ ካልጠየቅን የተነገረንን ሁሉ እንደወረደ መቀበላችን ነው።

የቻይናውንም እንዲሁ ልፈትሸው ተነሣሁ። ዤን ኋን የደራሲ ልብ የፈጠራት ናት። ሆኖም በድራማው መጨረሻ የምትደርስበትን የንጉሥ እናትነት ማዕረግ በታሪክ የያዘች እውነተኛ ሴት አለች። የኒዮሁሩ ጎሣ ልጅ፣ የታላቁ ንጉሥ የቺየንሎንግ እናት ናት። በ1692 ተወልዳ በ1777 የሞተችው ይህች ሴት በድራማው እንደምናየው ንጉሡ ከነገሠ በኋላ ተመርጣ አልገባችም። ወደ ዮንግዤንግ ቤት የገባችው በ1704፣ እርሱ ገና ልዑል ሳለ፣ እርሷ የ12 ዓመት ገደማ ልጅ ሳለች ነው። ቺየንሎንግንም የወለደችው በ1711 ነው። ቤተ አምልኮ ሄዳ የምትለምን፣ ግጥም የምታውቅ፣ ለንጉሥ አፋጣኝ መልስ የምትሰጥ ወጣት በመጀመሪያ ጊዜ አልነበረችም። የነበረችው ሕፃን ናት።

ለነገሩ የማንቹ ሕግም የማንንም ፈቃድ የሚጠይቅ አልነበረም። የስምንቱ ሰንደቅ ጭፍሮች ሴቶች ልጆች ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 17 ሲሆን በየሦስት ዓመቱ ለምርጫ መቅረብ ግዴታቸው ነበር። ሳይቀርቡ ማግባት ክልክል ነው።

እንግዲህ የሁለቱም አገር “የመጀመሪያ ክፍል” አንድ ዓይነት ሥራ ይሠራል። ኃይል የነበረውን ነገር ፍቅር ያስመስለዋል። ንጉሡ መርጦ ወሰደ የሚለው፣ ዕጣ ፈንታ አገናኛቸው በሚለው ይለወጣል። የቻይናዋ ደራሲ ግን አንድ ነገር ጨምራለች፤ ልጅቱ የምትፈልገውን በገዛ አፏ እንድትናገር አድርጋለች። በእኛ ወግ ውስጥ ንጉሡ ይታመማል፣ ንጉሡ ይድናል፣ ንጉሡ ይልካል፣ ንጉሡ ያገባል። የቋራዋ ልጅ አንዲት ቃል አትናገርም።

የተናገረችው በኋላ ነው፤ ያውም በሥራ። በካፋ በ1730 ሲሞት ልጃቸው ኢያሱ ገና የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። እናቱ “ብርሃን ሞገሳ” ተብላ ዘውድ ጫነች፤ ከልጇ እኩል ነገሠች። ወንድሟን ወልደ ልዑልን ራስ አድርጋ የቋራን ዘመዶቿን በየሥልጣኑ አስቀመጠች። ከጎንደር ወጣ ብላ ቁስቋምን፣ በጣና መካከል በደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴን አሠራች። ናርጋ ላይ ዛሬም ከእመቤታችን ሥዕል እግር ሥር ተደፍታ ትታያለች።

ባሏ ከሞተ በኋላ የወደደችውም ሰው ነበር፤ የባሏ የእኅት ልጅ፣ ሕዝቡ “ምልምል ኢያሱ” እያለ ያማው ወጣት። ሦስት ሴቶች ልጆች ወለደችለት። ያን ሰው መልእክተኛ ልኮ ያስመጣባት የለም፤ ራሷ መረጠች። ዋጋውም ከባድ ሆነ፤ ሐሜቱ ከልጇ ጋር አቃቃራት፣ ምልምልም ተገደለ። ከሦስቱ ልጆች አንዷ ወይዘሮ አስቴር በኋላ የራስ ሚካኤል ስሑል ሚስት ሆነች።

ጥፋቷንም መደበቅ አይገባም። ልጇ በ1755 ሲሞት ከምራቷ ከውቢት ጋር የተጀመረው ፉክክር፣ የቋራ ወገንና የውቢት ዘመዶች ሽኩቻ፣ በመጨረሻም የትግሬውን ሚካኤል ወደ ጎንደር ጠራ። የተጠራው ሰው የልጅ ልጇን ገደለ፤ አገሪቱም ወደ ዘመነ መሳፍንት ተንሸራተተች። እቴጌይቱ በ1773 አረፈች። ይህ ሁሉ የአንዲት ሴት ሕይወት ነው፤ እኛ ግን ለልጆቻችን የምንነግራቸው ከንዳዱ እስከ ሠርጉ ያለውን ብቻ ነው።

ወደ ወረታው ምሽት ልመለስ። ክፍሉ አልቆ መዝሙሩ ሲጀምር የአክስቴ ልጅ፣ “እማ፣ እንዴት አየሽው?” አለቻት።

አክስቴ በመጀመሪያ ስለ ባሏ አነሣች። ነፍሱን ይማረውና፣ በ1970ዎቹ ቻይናዎች ከወረታ ተነሥተው በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫ፣ በጋሸና አድርገው እስከ ወልድያ ያን 300 ኪሎ ሜትር የሚያህል ጥርጊያ ሲያወጡ ድንጋይ ፈልጧል። ሽማግሌዎቹ እስከ ዛሬ “የቻይና መንገድ” ይሉታል። “እሱ ቢኖር ምን እንደሚሉ ይነግረን ነበር፤ ጥቂት ጥቂት ይሰማቸው ነበር” አለች። ከዚያ ድምፅዋን ሳትለውጥ ቀጠለች።

“የቋራዋን ልጅ ግን ማን ጠየቃት?”

“ምን ብሎ እትዬ?” አልኋት።

“ትወጂዋለሽ ወይ ብሎ ነዋ። ይህችስ ለአምላኳ ነገረች፤ ባይሰማትም ነገረች። እኔ በ12 ዓመቴ ነው የተዳርሁ። ከርብ ውኃ ቀድቼ ስመለስ ቤቱ በሰው ተሞልቶ አገኘሁት። እንስራዬን እንኳ ሳላወርድ አጨበጨቡ። ሰውየው ደግ ሰው ሆነ፤ እሱ የእግዜር ሥራ ነው። ግን የጠየቀኝ የለም።”

ልጇ ላፕቶፑን ትታ እናቷን ታያለች። ይህን ከዚያ በፊት ሰምታው እንደማታውቅ ከፊቷ ተረዳሁ። እኔም አልሰማሁም ነበር፤ ስንት ዓመት እዚያ ቤት በልቼ ጠጥቼ ስለ ሠርጓ የማውቀው አጎቴ በበቅሎ መምጣቱን ብቻ ነው። የአክስቴም ታሪክ ለእኛ የተነገረን ከሙሽራው ወገን ኖሯል።

አክስቴ ሰፌዱን አንሥታ እብቁን ነፋችው። ነጩን ሩዝ ወደ አንድ ወገን፣ ጠጠሩን ወደ ሌላ ወገን ለየች።

“በል ሁለተኛውን ክፈቱት” አለች። “ከወሰዷት ወዲያ ምን እንደሠራች ልይ።”