ከወሬው እስከ ስንዴው

የዋግ ረሃብ ሲነሣ ክሱ ሁሌም የሚቀርበው በሰማዩ ላይ ነው። «ዝናብ ጠፋ፣ ሰው ተራበ» ይባልና ነገሩ ይዘጋል። ሰማዩ ንጹሕ ነው አንልም። የሰቆጣ ክረምት አጭር ነው፤ ቁልቁለቱም አፈሩን ለተከዜ ሲያስረክብ ኖሯል። ቢሆንም ድርቅ ሲመጣ ሰው ያን ዕለት አይሞትም። መጀመሪያ ፍየሉን ይሸጣል። ሁሉም በአንድ ገበያ ፍየል ሲያወጣ የፍየል ዋጋ ይወድቃል፣ የእህል ዋጋ ይሰቀላል። ቀጥሎ የእርሻ በሬው ይሄዳል፤ ከዚያ የዘር እህሉ ይበላል፤ በመጨረሻ ቤት ተዘግቶ ስደት ይጀመራል። በዝናቡ መጥፋትና በስደቱ መካከል ወራት አሉ። ታዲያ በነዚያ ወራት መንግሥት ምን ይሠራ ነበር? የኛ ጥያቄ ይኸው ነው።

እስቲ ከ1958 ዓ.ም. እንጀምር። ያኔ ዋግ ከወሎ ጠቅላይ ግዛት አውራጃዎች አንዱ ነበር። በዚያው ጠቅላይ ግዛት፣ በደቡቡ በኩል ካለው ከወረኢሉ የተነሣ የረሃብ ሪፖርት በዓመቱ መግቢያ አገር ግዛት ሚኒስቴር ደረሰ። ከሚኒስቴሩ ወጥቶ ንጉሠ ነገሥቱ ጆሮ እስኪገባ ሌላ 302 ቀን ፈጀ። ሚኒስቴሩ «አንድ ነገር አድርግ» ሲባል ያደረገው ምን ይመስላችኋል? የሞቱትን ሰዎች ስም ዝርዝር ላኩልኝ ብሎ ወሎ ጻፈ! ስንዴ ለማውጣት የሟች ፊርማ ያስፈለገ ይመስል።

በ1965 ዓ.ም. ረሃቡ በወሎ ዳግም ሲበረታ ወሬው አሁንም ቢሮ ውስጥ ታፈነ። የወጣው በሌላ በር ነው፤ በሚያዝያ ወር የዩኒቨርሲቲ መምህራን ከወሎ ያመጡትን ፎቶግራፍ ለተማሪው አሳዩ። በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ። ከእንግዲህ ወሬው የሚያልፍበት ቦይ ተገኘ ተባለ።

ቦዩ እውነትም ነበር። በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ኮሚሽኑ መጪውን እልቂት ለለጋሾች አስታወቀ። ወሬው በጊዜ ደረሰ፤ የዘገየው ስንዴው ነው። ለጋሾቹ ይጠራጠሩ ነበር፤ ደርግ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት ለማክበር ሽር ጉድ ይል ነበር፤ ዋግ ደግሞ የጦር ሜዳ ነበረች። መንገዱን የያዘ እህሉን ያዘ። የዋግ ገበሬ ልጁን አዝሎ ወደ ኮረም ተመመ። ዓለም የኮረምን ሕዝብ በቴሌቪዥን ያየው በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ነው። ከመጋቢት እስከ ጥቅምት 7 ወር! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

ከዚህ ሁሉ የተገኘ ትምህርት አለ ከተባለ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት ነው። ሐሳቡ ስንዴው ወሬውን እንዲቀድም ነበር። በየዓመቱ የሚራበው ቤተሰብ አስቀድሞ ይመዘገባል፤ መሥራት የሚችለው እርከንና መንገድ ይሠራል፤ ለአንድ ቀን ሥራ በመጀመሪያው ስሌት 3 ኪሎ እህል ወይም 6 ብር ይታሰብለታል። ለአንድ ሰው በወር 5 ቀን ነበርና 15 ኪሎ መሆኑ ነው። አቅም የሌለው ሳይሠራ ያገኛል። ጥሪት ይዞ ከመዝገቡ የወጣ «ተመረቀ» ይባላል፤ እንደኛው። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማጥፋት ቃል ሲገባ ቃሉን በከተማዋ ስም «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» አለው።

ቃሉ በተገባ በ6 ዓመቱ፣ በ2013 ዓ.ም. ክረምት፣ ጦርነቱ ሰቆጣ ገባ። ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀለው በሰቆጣ ዙሪያ ተጠለለ። ከዚያም በሰኔ 2015 ዓ.ም. የአሜሪካው ዩኤስኤአይዲና የዓለም ምግብ ፕሮግራም እህል በብዛት ተዘርፏል ብለው በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታ አቆሙ። በዚያ ዓመት እርዳታ የሚያሻው ከ20 ሚሊዮን በላይ ነበር። በዚያው ክረምት በዋግ ኽምራ ዝናቡ ጠፋ፤ በክልሉም ግጭት ተቀሰቀሰ። እርዳታው መመለስ የጀመረው ከ6 ወር ገደማ በኋላ፣ በ2016 ዓ.ም. ነው። ዝርፊያው ይጣራ፣ ሌባው ይጠየቅ፤ ማንም አይቃወምም። ግን የመጋዘን ቁልፍ የያዘው ሰርቆ ባዶ ጆንያ የያዘው ተቀጣ። ዩኤስኤአይዲ ራሱ በ2017 ዓ.ም. ሲዘጋም ውሳኔው ከዋሽንግተን መጣ፤ የዋግን ገበሬ የጠየቀው የለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። በመዝገብ የገባ እርዳታ በሚቋረጥበት ጊዜ ጉዳቱ ከመጀመሪያው ካልነበረው ይብሳል። ገበሬው 15 ኪሎውን ከቤቱ ሒሳብ አስገብቶታል። «ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል» እያለ ፍየሉን ሳይሸጥ ይቆያል፤ አይመጣም ሲባል ፍየሉ ከስቶ ገበያው ወድቋል። ድርቅ ያስጠነቅቃል፤ የቀረ ራሽን አያስጠነቅቅም።

እንግዲህ እኛ ምን እናድርግ? ከመካከላችን ከሰቆጣ፣ ከደሃና፣ ከዝቋላ የመጣን አለን። ክረምት አገር ስንገባ ሁለት ቀን እንመዝግብ፤ ቀበሌው ራብ ገባ ብሎ የጻፈበትን ቀንና እህሉ የተሰፈረበትን ቀን። በመካከሉ ያለው ቁጥር የማን እንደሆነ ይጠየቅ። በ1958 ዓ.ም. የሟቾችን ስም ዝርዝር የጠየቀ መንግሥት ነበር። አሁን ዝርዝር ጠያቂው እኛ እንሁን፤ የምንጠይቀውም የቀኖቹን ነው።